ፈቃድ ያለው ሙከራ፦ የሳይበር ደኅንነትን ከካምፓላ በብራውዘር ስለ መማር

በካምፓላ ገንዘብ ከኪስ ወጥቶ ስልክ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ኤም ቲ ኤን በ2009 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን በኡጋንዳ ከጀመረ ወዲህ የቦዳ ቦዳው (የሞተር ሳይክል ታክሲው) ሒሳብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ «ያካ» የሚባለው የቅድመ ክፍያ መብራት፣ ገጠር ላሉ ወላጆች የሚላከው ሽልንግ ጭምር በስልክ ይተላለፋል። በየመንገዱ ዳር በጃንጥላ ሥር የተቀመጡት ወኪሎች ለብዙ ነዋሪ ከባንክ ቅርንጫፍ ይልቅ ይቀርባሉ። ይህ ሁሉ ግን የቆመው ተጠቃሚው በዓይኑ በማያያቸው ድርጅቶችና ፕሮግራሞች ላይ ነው። በኦክቶበር 2020 መጀመሪያ ከነዚህ ከማይታዩት አንዱ በድንገት በሁሉም ዘንድ ታወቀ። ፔጋሰስ ቴክኖሎጂስ የተባለው፣ ባንኮችንና የቴሌኮም ኩባንያዎችን የሚያገናኝ ድርጅት የመረጃ ሥርዓቱ ተጠቃ። ስታንቢክ ባንክ፣ ኤም ቲ ኤን እና ኤርቴል በጋራ መግለጫ አውጥተው ችግሩ የደረሰው በሦስተኛ ወገን አገልግሎት ሰጪ ላይ መሆኑን፣ የደንበኞች ሒሳብ እንዳልተነካ ተናገሩ፤ ከባንክ ወደ ሞባይል የሚደረገውንም ዝውውር አቋረጡ። የአገሪቱ ጋዜጦች በወቅቱ እንደዘገቡት በጥቃቱ ለተፈጸመው ዘረፋ 2,000 ገደማ ሲም ካርዶች ጥቅም ላይ ውለዋል።

እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ «ማን ሰረቀ?» የሚለው ነው። ለአገር የሚበጀው ግን ከዚያ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ክፍተቱን ከሌባው በፊት የሚያገኙ ሰዎች የት ይሠለጥናሉ? ባንክ፣ የቴሌኮም ኩባንያ፣ በመካከላቸው ያለው አገናኝ ድርጅት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሰበስበው ትንሽ ኩባንያ ሁሉ ሥርዓቱን እንደ አጥቂ አስቦ የሚፈትሽለት፣ እንደ ጠባቂ የሚከታተልለት ባለሙያ ያስፈልገዋል። ይህ ሙያ በንባብ ብቻ አይገኝም። ስለ ክፍተት መቶ ገጽ ያነበበ ሰው አንድም ጊዜ በእጁ ከፍቶ ካላየው፣ እውነተኛው ሲገጥመው አያውቀውም። በእጅ ለመሞከር ደግሞ የሚሞከርበት ነገር ያስፈልጋል፤ ይህ ነገር የማን ነው የሚለው ጥያቄም ወዲያው ይከተላል። በብራውዘር የሚሠሩት የልምምድ ላብራቶሪዎች ለዚህ ጥያቄ የተገኙ ጥሩ መልስ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታቸው ሰርጎ የመግባት ብልሃትን ማሳየታቸው ሳይሆን ለመሞከርና ለመሳሳት ሕጋዊ ፈቃድ መስጠታቸው ነው። ጀማሪ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ከተረዳ ትምህርቱም ሕይወቱም ቀና ይሆናል።

ፈቃዱ ትልቅ ነገር የሆነበት ምክንያት በሕጉ ላይ ተጽፏል። የኡጋንዳ የኮምፒውተር አጠቃቀም ወንጀል ሕግ በ2011 ወጥቶ በ2022 ተሻሽሏል። ያለ ፈቃድ ሆን ብሎ የሌላ ሰው ፕሮግራም ወይም መረጃ ውስጥ የገባ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ሕጉ የሚመለከተው ገንዘብ የወሰደውን ብቻ አይደለም፤ መግባቱ ራሱ ወንጀል ነው። የኢትዮጵያም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሕገ ወጥ መዳረስን በተመሳሳይ መንገድ ይቀጣል፤ የተነካው የአገር ቁልፍ መሠረተ ልማት ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። እንግዲህ የማወቅ ጉጉት ያለበት የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የትምህርት ቤቱን የውጤት መመዝገቢያ «እስኪ ልየው» ብሎ ቢነካካው፣ ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም በሕግ ፊት ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ከዓመታት በፊት ይህን ሙያ በራሳቸው ለመማር የተነሡ ወጣቶች አንዱ ትልቅ ችግራቸው ይኸው ነበር። ውድ ኮምፒውተር ገዝተው የራሳቸውን ላብራቶሪ ካልሠሩ በቀር መለማመጃ የሚሆናቸው በአብዛኛው የሌላ ሰው ንብረት ነበር።

የብራውዘር ላብራቶሪ አሠራር ለማንም ሰው በቀላሉ የሚገባ ነው። ተማሪው በድረ ገጹ ላይ ተመዝግቦ አንድ ትምህርት ይከፍትና «ማሽኑን አስነሣ» የሚለውን ይጫናል። በዚያን ጊዜ ከአገልግሎት ሰጪው የመረጃ ማዕከል ውስጥ ለእርሱ ብቻ የሚሆን ምናባዊ ኮምፒውተር ይነሣል። በዚህ ኮምፒውተር ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት አለ። ብዙ ጊዜ ከጎኑ ሌላ ሁለተኛ ኮምፒውተር ይቀርባል፤ ይህኛው የመፈተሻ መሣሪያዎች ሁሉ አስቀድመው የተጫኑበት ሊኑክስ ነው። ሁለቱም የሚገናኙት በታጠረ መረብ ውስጥ ነው። የተማሪው ብራውዘር የሚያደርገው የሩቁን ኮምፒውተር ገጽታ ማሳየትና የቁልፍ ምቶችን መላክ ብቻ ስለሆነ ከባዱን ሥራ የሚሠራው የሩቁ ማሽን ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ተማሪው ያበላሸው ነገር ቢኖርም በማንም ላይ ጉዳት ሳያደርስ አብሮ ይጠፋል። ይህንኑ በራስ ኮምፒውተር ለማቋቋም የሚሞክር ሰው ካሊ ሊኑክስን የመሰለ በጊጋባይት የሚቆጠር ፋይል ማውረድ፣ ሁለት ሦስት ምናባዊ ማሽኖችን አንድ ላይ የሚሸከም ሰፊ ሜሞሪ ማግኘት አለበት። በብራውዘር ሲሆን ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል።

ስማቸው ከሚነሣ መድረኮች መካከል በ2018 በእንግሊዝ የተቋቋመው ትራይሃክሚ ለፍጹም ጀማሪ የሚቀርበው ነው፤ ትምህርቱን በትናንሽ «ክፍሎች» ከፋፍሎ እያነበቡ እንዲሠሩ ያደርጋል። ሃክ ዘ ቦክስ በ2017 የተጀመረ ሲሆን ዝነኛ ማሽኖቹ ጠንከር ያሉና መሠረት ለያዘ ሰው የሚስማሙ ናቸው። ፖርትስዊገር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ ባለሙያዎች ድረ ገጾችን የሚፈትሹበትን በርፕ ስዊት የተሰኘ መሣሪያ የሚሠራው ራሱ፣ በ2019 የድረ ገጽ ደኅንነት አካዳሚ ከፍቶ ጽሑፉንም ላብራቶሪውንም ሙሉ በሙሉ በነፃ አቅርቧል። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ፒኮሲቲኤፍ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ በተለይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተብሎ የተሠራ ነፃ ውድድርና የልምምድ ቦታ ነው፤ የትእዛዝ መጻፊያ መስኮቱ እንኳ በብራውዘር ውስጥ ይከፈታል። የዚሁ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ካምፓስ የሚገኘው ኪጋሊ ስለሆነ፣ ለአፍሪካ ተማሪዎች ተብሎ የሚዘጋጀው የፒኮሲቲኤፍ ውድድር ለካምፓላ ወጣት የጎረቤት ጉዳይ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት አንድ ምሳሌ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። በፖርትስዊገር አካዳሚ ውስጥ አንድ የሐሰት የበይነ መረብ ሱቅ አለ። ተማሪው 100 ዶላር ተሰጥቶት 1,337 ዶላር የሚያወጣ የቆዳ ጃኬት እንዲገዛ ይታዘዛል። በተለመደው መንገድ ከሄደ ሱቁ «ገንዘብዎ አይበቃም» ብሎ ይመልሰዋል። ተማሪው ግን ጃኬቱን ወደ ቅርጫት ሲጨምር ብራውዘሩ ወደ ሰርቨሩ የሚልከውን መልእክት ከፍቶ ሲያይ፣ ከዕቃው መለያ ቁጥር ጋር ዋጋው ራሱ አብሮ መላኩን ይደርስበታል። ዋጋውን ወደ ጥቂት ሳንቲም ለውጦ መልሶ ሲልከው ሰርቨሩ ሳይጠይቅ ይቀበላል፤ ጃኬቱም ይሸጣል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ከበስተጀርባው ያለው መርሕ ግን የሞባይል ገንዘብን ዓለም ሁሉ የሚነካ ነው፤ ከደንበኛው ስልክ ወይም ብራውዘር የሚመጣ ማንኛውም ነገር ሊቀየር ስለሚችል ዋጋን፣ የሒሳብ ቁጥርን፣ የዝውውር መጠንን ሰርቨሩ ራሱ ከመዝገቡ ማረጋገጥ አለበት። ይህን ዓረፍተ ነገር በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ሊረሳው ይችላል። በገዛ እጁ የ1,337 ዶላር ጃኬት በሳንቲም የገዛ ግን የክፍያ ፕሮግራም በሠራ ቁጥር ያስታውሰዋል።

ሌላው በየላብራቶሪው የሚገኝ ትምህርት የመዳረሻ ቁጥጥር ጉድለት ነው። ተጠቃሚው በራሱ ስም ገብቶ የራሱን ገጽ ሲከፍት በአድራሻው ጫፍ ላይ መለያው ይታያል፤ መለያውን በሌላ ሰው መለያ ሲተካው የሌላው ሰው ገጽ ይከፈትለታል። ሰርቨሩ «ገብተሃል ወይ?» ብሎ ጠይቋል፤ «ይህን ገጽ ለማየት መብት አለህ ወይ?» ብሎ ግን አልጠየቀም። ኦዋስፕ የተባለው ዓለም አቀፍ የደኅንነት ባለሙያዎች ማኅበር በየጥቂት ዓመቱ በሚያወጣው የአሥር ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር ላይ ይህ ጉድለት በ2021 ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ወጥቷል። ይህ ማለት በዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠው ክፍተት ረቂቅ የሒሳብ ዕውቀት የሚጠይቅ ሳይሆን ተራ የሚመስል የአሠራር ግድፈት ነው። የአሠራር ግድፈትን ዋጋ ኢትዮጵያውያን በማርች 2024 በደንብ አይተውታል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተደረገ ማሻሻያ ሳቢያ በተፈጠረ ስሕተት ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አድረው ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መንቀሳቀሱን አስታውቋል። የሳይበር ጥቃት አልነበረም ተብሏል፤ እውነትም አልነበረም። ነገር ግን «ሥርዓቱ ማድረግ የሌለበትን ነገር ባዝዘው ምን ይመልስልኛል?» ብሎ መጠየቅን የለመደ አእምሮ በማሻሻያም ጊዜ በጥቃትም ጊዜ እኩል ይጠቅማል። ላብራቶሪ የሚያሠለጥነው ይህን አእምሮ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። ወጣቶችን ሰርጎ መግባት ማስተማር ሌባ ማብዛት አይሆንም ወይ? ሥራ አጥነት በበዛበት ከተማ ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ወላጅም መምህርም ቢያነሣው ተገቢ ነው። ሆኖም ማስረጃው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። ለምሳሌ በድረ ገጽ ቅጽ ላይ በሚጻፍ ጽሑፍ የመረጃ ቋትን ማዘዝ የሚቻልበት ኤስኪውኤል ኢንጄክሽን የተባለው ዘዴ በይፋ የተጻፈው በ1998 ነው። ለመስረቅ የቆረጠ ሰው ከ25 ዓመታት በላይ ይህን ዕውቀት ያለ ማንም አስተማሪ ሲያገኘው ኖሯል። የጎደለው የአጥቂው ዕውቀት ሳይሆን የሠሪውና የጠባቂው ነው፤ ክፍተቱ እስከ ዛሬ የሚገኘው ፕሮግራሙን የሚጽፉት ሰዎች ሲሰበር አይተውት ስለማያውቁ ነው። ከዚህም በላይ ላብራቶሪው የሚሠራው ፈቃድን እንደ ልማድ በማስረጽ ነው። ገና ከመጀመሪያው ትምህርት ተማሪው «ይህ ማሽን ያንተ ነው፤ ከዚህ አጥር ውጭ ያለው ያንተ አይደለም» የሚል ደንብ ይዞ ያድጋል። ጉጉቱን የሚያወጣበት ሕጋዊ ቦታ ያጣ ወጣት በማያውቀው ሜዳ እንደሚሞክር መገመት አያስቸግርም፤ ቦታ ያገኘ ግን የሚፈተንበትም የሚመሰገንበትም መንገድ አለው። መምህራን ሊያደርጉት የሚገባው የላብራቶሪውን በር መዝጋት ሳይሆን ሕጉን ከመጀመሪያው ትምህርት ጋር አብሮ ማስተማር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኪስ የሚመጣ ነው። በኡጋንዳ የኢንተርኔት ዋጋ የፖለቲካም ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። በጁላይ 2018 መንግሥት በማኅበራዊ መገናኛ ተጠቃሚዎች ላይ በቀን 200 ሽልንግ ግብር ጣለ፤ በ2021 ይህ ቀርቶ በኢንተርኔት ዳታ ላይ 12 በመቶ ቀረጥ ተተካ። መብራትም ይጠፋል። «በብራውዘር ነው» የሚባለው ነገር ለዳታው በየቀኑ ለሚከፍል ሰው ነፃ እንዳልሆነ መካድ አይገባም። መልሱ ላብራቶሪዎቹ ሁሉ እኩል ዳታ እንደማይበሉ ማወቅ ነው። የሩቅ ኮምፒውተርን ሙሉ ገጽታ በምስል የሚያሳዩት ከፍ ያለውን ይወስዳሉ። የፖርትስዊገር ሱቆችና ገጾች ተራ ድረ ገጽ ስለሆኑ ከዚያ በጣም ያንሳሉ። ከሁሉም የሚያንሰው ደግሞ ኦቨርዘዋየር ያዘጋጀው ባንዲት የተሰኘው የሊኑክስ ጨዋታ ነው፤ ከብራውዘር ውጭ በትእዛዝ መጻፊያ መስኮት የሚሠራ ቢሆንም የሚላከውና የሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ በርካሽ ጥቅል፣ በአንድሮይድ ስልክ ላይ በሚጫን የተርሚናል መተግበሪያ እንኳ መጫወት ይቻላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአገሪቱ የምርምርና የትምህርት መረብ በሆነው ሬኑ በኩል ኤዱሮም የሚባለውን ዋይ ፋይ ያገኛሉ፤ የኤዱሮም መለያ ይዞ ለጨዋታ ብቻ የሚጠቀምበት ተማሪ ትልቅ ሀብት እያባከነ ነው።

ከዋጋ የሚብሰው ደግሞ ጭራሽ መቋረጥ ነው። በጃንዋሪ 2021 ምርጫ ሰሞን ኢንተርኔት በመላ ኡጋንዳ ለቀናት ተዘግቶ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም ከዚህ የረዘመ መቋረጥ ያውቃሉ። ስለዚህ ከብራውዘር ላብራቶሪ የጀመረ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ መለማመጃ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ አለበት። ኦዋስፕ የሚያሠራጨው ጁስ ሾፕ ለዚህ ተስማሚ ነው። ከ2014 ጀምሮ የተሠራ፣ ሆን ተብሎ በክፍተት የተሞላ የጭማቂ መሸጫ ድረ ገጽ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በዚያው ኮምፒውተር ላይ ተነሥቶ በብራውዘር ይከፈታል፤ ከአንድ መቶ በላይ ፈተናዎችም አሉት። አንድ ፋይል በፍላሽ ተቀድቶ ለአንድ ክፍል ተማሪ ሁሉ ስለሚደርስ፣ መምህር ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት እንኳ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ላብራቶሪ ሊኖረው ይችላል። ፈቃዱ እዚህም አለ፤ ማሽኑ የራስ ስለሆነ የሚጠየቅ ሌላ ባለቤት የለም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ላብራቶሪ እውነተኛውን ሥራ አይመስልም የሚለው ነው። ይህ በአብዛኛው ልክ ነው። በላብራቶሪ ውስጥ ክፍተት እንዳለ አስቀድሞ ይታወቃል፤ በእውነተኛ ሥርዓት ላይ ሳምንት ሙሉ ፈልጎ ምንም ያለማግኘት አለ። በላብራቶሪ መልሱ ሲገኝ ነጥብ ይሰጣል፤ በሥራ ቦታ ግን የተገኘው ነገር ለማይረዳው ኃላፊ በሚገባው ቋንቋ ካልተጻፈ እንዳልተገኘ ይቆጠራል። የካምፓላ የራሷ ታሪክም ይህን ያጠናክራል። በ2024 መጨረሻ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የኡጋንዳ ባንክ ሒሳብ በሰርጎ ገቦች ተዘረፈ የሚል ዜና ወጥቶ ነበር፤ የገንዘብ ሚኒስትር ዴኤታው ሄንሪ ሙሳሲዚም ለፓርላማ ሒሳቦቹ መነካታቸውን አምነው መጠኑ ግን እንደተወራው አይደለም አሉ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በጉዳዩ የገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኞች በፀረ ሙስና ፍርድ ቤት ተከሰሱ። የተከሰሰ ሁሉ ጥፋተኛ አይባልም፤ ዳኝነቱ የፍርድ ቤቱ ነው። ክሱ ራሱ ግን «ከሩቅ አገር የመጣ ሰርጎ ገብ» የሚለው ታሪክ ብዙ ጊዜ ከጉዳዩ ከፊሉን ብቻ እንደሚናገር ያሳያል። በፔጋሰስ ላይ የደረሰው የ2020ውም ጥቃት ከፕሮግራሙ ሌላ የሲም ካርድ ምዝገባን፣ የውል ግንኙነትን፣ የገንዘብ አወጣጥ ቁጥጥርን የሚነካ ነበር። የሰዎችን አሠራር ማንም ላብራቶሪ በማሽን ውስጥ አሳጥሮ ሊያስቀምጠው አይችልም።

ይህ ተቃውሞ የሚያፈርሰው ግን ላብራቶሪውን ሳይሆን ላብራቶሪው ብቻውን ይበቃል የሚለውን ሐሳብ ነው። መኪና መንዳት የሚማር ሰው መጀመሪያ በባዶ ሜዳ መሪና ፍሬን ይለምዳል፤ ሜዳው የካምፓላን የጠዋት መጨናነቅ ስለማይመስል ሜዳውን ዝለልና ጎዳና ውጣ የሚል አስተማሪ ግን የለም። በላብራቶሪ የሚገኘው መሠረት ነው። መረብ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሊኑክስ ፋይሎቹን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ድረ ገጽ ከሰርቨር ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ያላወቀ ሰው የባንክን አሠራር ቢያጠናም ክፍተቱን አያየውም። በዚያ ላይ ላብራቶሪዎቹ የማጥቃትን ጎን ብቻ አያስተምሩም። ትራይሃክሚና ሌትስዲፌንድን የመሳሰሉት መድረኮች የጠባቂውን ሥራ የሚያለማምዱ ትምህርቶች አሏቸው፤ ተማሪው የመዝገብ ጽሑፎችን እያነበበ በሌሊት የገባው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ሒሳብ ያለ ወትሮው ብዙ ዝውውር እንዳደረገ፣ የትኛው ማስጠንቀቂያ ከንቱ፣ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ይለያል። ከውስጥ የሚመጣን ማጭበርበር የሚይዘው ይህ ዓይነቱ ንባብ ስለሆነ ለባንኮችና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሰባሪ ይልቅ አንባቢ ጠባቂ በብዛት ያስፈልጋቸዋል። ጀማሪውም ሥራ ለማግኘት ሰፊው በር ይኸው መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

እንግዲህ ዛሬ ከዜሮ የሚነሣ ሰው በምን ቅደም ተከተል ይሂድ? ብዙዎች የሚወድቁት በመቸኮል ነው፤ ከሃክ ዘ ቦክስ ከባድ ማሽን ጀምረው በሳምንት ውስጥ ተስፋ ይቆርጣሉ። የሚበጀው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በባንዲት ላይ ማሳለፍና ከሊኑክስ ትእዛዞች ጋር መላመድ ነው። በዚያው ጎን ለጎን የትራይሃክሚን ፕሪ ሴኩሪቲ የተሰኘ የመግቢያ ጉዞ በነፃ ከሚከፈቱት ክፍሎች ጀምሮ መከታተል ይቻላል፤ በብራውዘር የሚሰጠው የማጥቂያ ማሽን ላልከፈለ ተጠቃሚ በቀን 1 ሰዓት ብቻ ቢሆንም፣ ንባቡን አስቀድሞ ጨርሶ ማሽኑን ለሙከራ ብቻ ላስነሣ ሰው 1 ሰዓት ትንሽ አይደለም። ከዚያ ወደ ፖርትስዊገር አካዳሚ ተሻግሮ በመዳረሻ ቁጥጥር፣ በአሠራር ግድፈትና በኤስኪውኤል ኢንጄክሽን ላይ ያሉትን ቀላል ላብራቶሪዎች በተራ መሥራት ይገባል። ከጃኬቱ ጋር የተያያዘውን ጨምሮ አንዳንዶቹን በብራውዘሩ የገንቢ መሣሪያ ብቻ መፍታት ይቻላል፤ ለብዙዎቹ ግን ነፃው የበርፕ ስዊት ቅጂ ያስፈልጋል። በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ ትራይሃክሚ በነፃ የሚያቀርበው የዕለት ተዕለት ፈተና ደግሞ የተማሩትን ለመመዘን ጥሩ አጋጣሚ ነው። ክፍያ የሚጠይቀውን ነገር ለማሰብ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ መቆየት አይጎዳም።

በዚህ መንገድ ላይ ትልቁ ፈተና የተዘጋጀ መልስ ነው። ለየላብራቶሪው ማለት ይቻላል በበይነ መረብ ላይ የተጻፈ መፍትሔ አለ፤ ነጥቡንና የደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ ተማሪ መልሱን እየገለበጠ በአንድ ወር ውስጥ «ከፍ ያለ» ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም በመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ደንብ መያዝ ይበጃል፦ የተቻለውን ያህል ሞክሮ መፍትሔውን ያነበበ ሰው በማግሥቱ ሳያይ ደግሞ ይሥራው። ከዚህም ጋር የሠራውን ሁሉ በገዛ ቃሉ ይጻፍ፤ ክፍተቱ ምን ነበር፣ እንዴት ተገኘ፣ ባለቤቱ እንዴት ይዝጋው። ይህች ሦስተኛዋ ጥያቄ ልምምድን ከጨዋታ የምትለይ ናት። እንዲህ የተጻፉ ሃያ ሠላሳ ገጾች የያዘ ወጣት ለቀጣሪ የሚያሳየው ነገር አለው፤ ሪፖርት መጻፍንም ቀድሞ ለምዷል። የምስክር ወረቀት በሩን ሊከፍት ይችላል፤ በበሩ ከገቡ በኋላ የሚያቆመው ግን ይህ ነው።

ስለ ቋንቋም መናገር ያስፈልጋል። እነዚህ መድረኮች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። በካባላጋላና በካንሳንጋ ሰፈሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወጣቶች፣ በተለይ በስደት መጥተው ትምህርታቸው መካከል ላይ ለተቋረጠባቸው፣ ይህ እውነተኛ ግድግዳ ነው። የ2006ቱ የኡጋንዳ የስደተኞች ሕግ በአገሪቱ ውስጥ የመንቀሳቀስና የመሥራት መብት ይሰጣል፤ ላብራቶሪዎቹም የዜግነት ወረቀትም ሆነ ያለፈ ትምህርት ማስረጃ አይጠይቁም፤ የኢሜይል አድራሻ ይበቃቸዋል። የቀረው የቋንቋው ጉዳይ በኅብረት የሚቃለል ነው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ላፕቶፕና አንድ የዳታ ጥቅል የሚጋሩ ወጣቶች፣ እንግሊዝኛው የሚሻለው እያነበበ፣ ሌላው በቁልፉ ላይ ሆኖ፣ ሁሉም የተማሩትን በአማርኛ እየጻፉ ቢሠሩ ወጪውም ፍርሃቱም ይከፈላል። በአማርኛ ተገልጾ ያልገባ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ቢሸመደድም አልገባም፤ ስለዚህ የአማርኛው ማስታወሻ የደካሞች መደገፊያ ሳይሆን የመረዳት መለኪያ ነው። በአዲስ አበባ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በክረምት ለታዳጊዎች የሚያዘጋጀው የሳይበር ተሰጥኦ ሥልጠናም ዝንባሌ ያለው ልጅ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ሊያዝ እንደሚገባ መንግሥት እንደተገነዘበ ያሳያል፤ በዳያስፖራ ያሉ ማኅበረሰቦችም ይህን በአቅማቸው ሊያደርጉት ይችላሉ።

እስካሁን የተባለው ተማሪው ሊያደርግ የሚችለው ነው። ክርክሩ ፈቃድ ላይ የቆመ ከሆነ ግን ግዴታው ወደ ሌላው ወገንም ይሄዳል። በላብራቶሪ የሠለጠነ ወጣት አንድ ቀን ስልኩን ሲጠቀም በአንድ የክፍያ መተግበሪያ ላይ ችግር ሳይፈልገው ቢያስተውል ለማን ይንገር? ብዙ ድርጅቶች ይህን የሚቀበል አድራሻ የላቸውም፤ የነገረው ሰው ደግሞ «እንዴት አወቅህ?» ተብሎ ሊከሰስ እንደሚችል ይፈራል። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ክፍተቱም ዝም የማይል ሰው እስኪያገኘው ይቆያል። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን መስፈርት አለ። ሴኩሪቲ ዶት ቲኤክስቲ የሚባል፣ በኤፕሪል 2022 በይፋ የታተመ አሠራር አንድ ድርጅት በድረ ገጹ ላይ በታወቀ ቦታ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጦ የደኅንነት ችግር ያየ ሰው ለማን እንደሚጽፍ፣ የትኛውን መመሪያ እንደሚከተል እንዲገልጽ ያደርጋል። ምን መሞከር እንደሚፈቀድ፣ ምን እንደሚከለከል፣ በቅን ልቦና ሪፖርት ያደረገ ሰው እንደማይከሰስ የሚናገር አንድ ገጽ መመሪያ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። በካምፓላ ያሉ ባንኮች፣ የቴሌኮም ኩባንያዎችና በመካከላቸው ያሉት አገናኝ ድርጅቶች፣ በአዲስ አበባም ያሉት ባንኮችና የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ይህን ቢያደርጉ፣ በየላብራቶሪው የሚሠለጥነው የወጣት ጉልበት ወደ እነርሱ የሚመጣበት ሕጋዊ መንገድ ይኖረዋል። ላብራቶሪዎቹ ለጀማሪው ከክፍያም ከድንበርም ነፃ የሆነ የመሞከር ፈቃድ ሰጥተዋል፤ ጀማሪውም ያለ ሰበብ ሊጠቀምበት ይገባል። የሕዝብን ገንዘብ የያዙት ተቋማት ደግሞ በጽሑፍ በተወሰነ ልክ ያንኑ ፈቃድ ካልሰጡ፣ ክፍተታቸውን ቀድሞ የሚያገኘው ፈቃድ የማይጠይቀው ሰው መሆኑ ይቀጥላል።